ታቦት የሚያከብር ወገብ

«ሕመምተኛዋ የታዘዘላትን የወገብ እንቅስቃሴ ለመሥራት ፈቃደኛ አይደለችም። ሕመሙ የቀጠለው በዚህ ምክንያት ነው።»

እታለሜ፣

ይህን ከክትትል ደብተርሽ ሦስተኛ ገጽ ላይ ቃል በቃል ገለበጥሁት። ከተለየሽን ሰባት ወር ሞላ። ደብተሩን ያነበብሁት ግን ባለፈው ወር ነው፤ በነጠላ ጠቅልለሽ ከሣጥንሽ ሥር አስቀምጠሽው ነበር። ማንበብ አትችይም ነበርና፣ ይህን ክስ በየሐኪም ቤቱ በሁለት እጅሽ፣ አንገትሽን ደፍተሽ ስታቀብይ ኖረሻል። እኔስ? የመሥሪያ ቤቱን ደብዳቤ ሁሉ ነጠላ ሰረዝ ሳይቀር የማርም ወንድምሽ፣ ያንቺን ደብተር አንድ ቀን ገልጬ አላየሁም።

እዚህ ሸሕዲ ሰሊጡ ታጭዷል። ነዶው በየማሳው ቆሞ እስኪደርቅ ይጠበቃል። እርሻሽን ዘንድሮ ያጨዱት ከጎጃም የወረዱ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አንዱ በየመሐሉ ቀና እያለ ወገቡን በእጁ ሲደግፍ አየሁትና፣ ነዶ ሲያነሣ ጉልበቱን እንዲያጥፍ ነገርሁት። «ጋሼ፣ እርስዎ በጉልበትዎ ይሥሩ፣ እኔ በወገቤ ለምጃለሁ» አለኝ። ሁሉም ሳቁብኝ። አንቺም ብትኖሪ ትስቂብኝ ነበር፤ ከዚያ ግን ነዶውን ከእጁ ተቀብለሽ፣ ቁጭ ብድግ እያልሽ ታሳይው ነበር።

ያንቺም ወገብ የተጎዳው በዚሁ ማሳ ነው፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስማር አንቺ እዚህ ጎንበስ ብለሽ ታጭጂ ነበር። ሲብስብሽ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተኝተሽ ክረሚ አለሽ። መቀነትሽን ትንፋሽ እስኪያጥርሽ አጥብቀሽ፣ ጀርባሽ በዋግምት ጠቋቁሮ፣ አንድ ክረምት አልጋ ላይ አለፈ። ስትነሺ ጭራሽ ባሰብሽ። ያን ጊዜ ደጋ ይዤሽ ወጣሁ። እዚያ አንድ ክሊኒክ ያገኘናት ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መቀነቱን አስፈታችሽና መሬት ላይ አስተኛችሽ። ጉልበትን አጥፎ፣ ሆድን ወደ ውስጥ ስቦ፣ ወገብን ከመሬት ማንሣት፤ አሥር እስኪቆጠር ይዞ ቀስ ብሎ ማውረድ። ከዚያ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ ግራ እጅን ከቀኝ እግር ጋር መዘርጋት። ስትፈሪ አይታ፣ «እናቴ፣ የሚያምዎት ቦታ ቢንቀሳቀስ አይሰበርም፤ አይፍሩት» አለችሽ።

ማለዳ ማለዳ ጓሮ የሰሊጥ ጆንያ አንጥፈሽ ትሠሪ ነበር። ጎረቤትሽ የኔነሽ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ደሞ ዛሬ ምን ጠፍቶሽ ነው መሬት ለመሬት?» ስትልሽ፣ «ወገቤን ጥዬው እሱን እየፈለግሁ» ትያት ነበር። አገኘሽውም። በሦስተኛው ወር የውኃ ጀሪካን ሰው ሳያግዝሽ አነሣሽ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቀጥ ብለሽ ሄድሽ። ይህን የምጽፈው እንቅስቃሴው ገደላት የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። አልገደለሽም። እንደገና ሰው አድርጎሽ ነበር።

ኋላ ሌላ ሕመም መጣ። አንቺ ራስሽ «ይኸ የድሮው አይደለም» ብለሽኛል። የድሮው ስታርፊ ይተውሽ ነበር፤ ይህ ግን ተኝተሽም አልተወሽ። ሰውነትሽ አለቀ፣ ቀሚስሽ ሰፋሽ፣ ላብ አጠመቀሽ። ክሊኒኩ ስንመለስ ወጣቷ ለቅቃ ሌላ ባለሙያ ተተክቷል። ጠረጴዛው ላይ እንዳቀረቀረ፣ «እንቅስቃሴውን በየቀኑ ይሠራሉ?» አለሽ። አንቺ ውሸት አታውቂም። «ኧረ በየቀኑስ አልሠራም። በማርያም፣ በሚካኤል፣ በእሁድ እንዴት አድርጌ? ሥራ አይደል?» አልሽው።

ጥፋትሽ ይኸው ነው። ላንቺ ወገብ ማንሣት እንደ አረም፣ እንደ አጨዳ ሥራ ነበር፤ ሥራ ደግሞ በበዓል አይሠራም። በቀረው ቀን ሁሉ ዝናብም ለቅሶም አላስቀረሽም። ይህን ማስረዳት የእኔ ፋንታ ነበር። እኔ ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ሳቅሁ። «የእሷ ወገብ ታቦት ያከብራል» አልሁት። እሱም ፈገግ ብሎ ጻፈ። ጀርባሽን በእጁ አልነካም፣ ስለ ላቡ አልጠየቀም። «በየቀኑ ሠርተው ይምጡ» ብሎ ሸኘን።

ከዚያ ወዲያ ደብተሩን የገለጠ ሁሉ መጀመሪያ ያነበበው ያን መስመር ነው። «እናቴ፣ እንቅስቃሴዎን ይሥሩ እንጂ» እያሉ መለሱሽ። አንቺም ታዘዝሽ። አንድ የማርያም ቀን ጆንያውን አንጥፈሽ፣ «እመቤቴ ይቅር በይኝ» እያልሽ ያን ያለቀ ወገብሽን ከመሬት ለማንሣት ስትታገይ አየሁሽ። ዕጢ የአከርካሪ አጥንትሽን እንደበላው የታወቀው ራጅ ሲያነሡሽ ነው፤ ያም ዘግይቶ። በመጋቢት ሐሩር ቀበርንሽ።

ቀድሞ ቢታይ ትድኚ ነበር ብዬ አልምልም፤ የማላውቀውን አልጽፍም። ነገር ግን የታመምሁት በራሴ ስንፍና ነው ብለሽ አትሞቺም ነበር።

ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ ሄጄ ነበር። ኃላፊው፣ «ሟች ናቸው እኮ ጋሼ፤ አሁን ቢስተካከል ምን ይቀየራል?» አለኝ።

የኔነሽ ዘንድሮ ወገቧን ታማለች። ጠዋት ጠዋት በአጥሯ ውስጥ ተኝታ ታነሣለች፣ እኔ ከወዲህ ሆኜ እቆጥርላታለሁ። ስትሳሳት ሳርማት «እሷ ብትሆን እንዲህ አትለኝም ነበር» ትለኛለች። እኔም ወንበር ያጎበጠውን ወገቤን ባንቺ ጆንያ ላይ አነሣለሁ፤ በበዓል አርፋለሁ። አሥር በቆጠርሁ ቁጥር አስብሻለሁ፤ ጀርባዬ እስከቻለ ድረስ አልተውም።

ደብዳቤው ያንቺ ነው፤ ግልባጩ ግን ለክሊኒኩ ይደርሳል። ያ መስመር ተሠርዞ በቦታው «የታዘዘችውን ፈጽማለች፤ ያረፈችው በበዓል ብቻ ነው፤ አዲሱን ሕመሟን አልመረመርንም» ተብሎ ይጻፍ። የቃል መልስ አልቀበልም። በጽሑፍ፣ በፊርማና በማኅተም፣ እስከ ኅዳር ሃያ አንድ።

ቀኑን የመረጥሁት አውቄ ነው፤ ማርያም ናት። ያን ቀን ጆንያሽን አላነጥፍም። በርሽ ላይ ተቀምጬ መልሱን እጠብቃለሁ።

ወንድምሽ