የቨርሊ የደብዳቤ ከረጢት

እሑድ፣ ኦክቶበር 5
በታላቅ ሐዘን ይገለጻል፦ ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ እኔ የጋገርኩት የፒካን ለውዝ ፓይ ከፊተኛው ጠረጴዛ ተነሥቶ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ተቀምጧል። ፈጻሚዋ ጎረቤቴ ቨርሊ ጊድሪ። ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ፦ "ኦዴት፣ ሥሩ አሯል እኮ! ሰው እንዳይታመም ብዬ ነው።"
አላረረም። ቆይ ብቻ...

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8
አገኘሁት! የሴቶች መንፈሳዊ ሱባኤ። ሦስት ቀን፣ ተደራራቢ አልጋ፣ ስልክ የለ፣ ሰዓት የለ። ቨርሊን አስመዘገብኳት። "አንቺ? ለእኔ?" ብላ እንባ አቀረረች። ምስኪን።
ቅዳሜ ለእያንዳንዷ ከቤተሰብና ከወዳጅ የተጻፈላት ደብዳቤ በከረጢት ይሰጣታል። እሷ ሳታውቅ የሚሰበስበው ማነው? ጋባዧ። ጋባዧስ? እኔ።
ባዶ ከረጢት። ሠላሳ ሴት እያያት።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14
ለወጉ ደወልኩ፤ "ጠይቄ ነበር" ለማለት። ልጇ ሬኔላ፦ "ሚስ ኦዴት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ለእማዬ የምጽፈው ነገር የለኝም።" እህቷ፦ "ገና አልሞተችም?" ስልኩን ዘጋችው። አብረዋት የሚዘምሩት ሴቶች ሳቁብኝ።
የሚጽፍላት አንድም ሰው የለም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ግን በቀሉ የእኔ ነበር። ለእነሱ ማን ፈቀደላቸው?

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24
ቨርሊ ትናንት ሱባኤ ገባች። ከረጢቱ ጠረጴዛዬ ላይ አፉን ከፍቶ ያየኛል። እሺ፣ እጽፍላታለሁ። ክስ!
"ቨርሊ፦ አጥሬን በመኪናሽ ጣልሽ። ውሻዬን ወፍራም አልሽ። ባሌን ክሎቪስን የቀበርኩ ዕለት ከሁሉም ቀድመሽ መጥተሽ፣ ሳትጠየቂ ዕቃዬን አጠብሽ። የጋምቦ ሾርባውን ቅባት እንኳ ከድስቱ በቅጡ አላስለቀቅሽም..."
አራት ገጽ ሆነ። የሱባኤው ቤት በር ላይ አስረክቤ መጣሁ። ታንብበው!

እሑድ፣ ኦክቶበር 26
ጋባዦችም በተጠራንበት የሱባኤው መዝጊያ ዝግጅት ላይ ቨርሊ ተነሥታ ቆመች። "ለሌሎቹ ሃያ ሠላሳ ደብዳቤ መጣላቸው። ለእኔ አንድ። እሱም ስድብ ነው።" ተሳቀ። "ግን አራት ገጽ ነው። ስለ እኔ ይህን ያህል የሚያስታውስ ሰው መኖሩን አላውቅም ነበር።" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፦ "ፓይሽ ግን አሮ ነበር።"
"አንቺም ድስት ማጠብ አትችዪም" አልኳት።
በእኔ መኪና ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ስትለፈልፍ ነበር። አሁንም አልወዳትም።

ማረሚያ፦ በኦክቶበር 14 "የሚጽፍላት አንድም ሰው የለም" ተብሎ የተመዘገበው ስሕተት ስለሆነ፣ "አንድ ሰው አለ" ተብሎ ይነበብ። ፓዩን በሚመለከት ማረሚያ አይወጣም።