የሞተሩ ኮምፒዩተር አልሞተም

ወንዴ፣

የመኪናውን ባለቤት አዲስ ኮምፒዩተር እንዳታስገዛው።

ትናንት ከመመርመሪያው ያወጣኸውን ወረቀት ሳነብልህ ደክሞኝ ነበር። አንተ ደግሞ አጠገቤ ቆመህ «ያላ፣ ያላ» ትላለህ። «የሞተሩ ኮምፒዩተር ሞቷል» አልኩህ። ዛሬ ጠዋት ደግሜ ሳነበው እንደዚያ አይልም። የሞተሩ ኮምፒዩተር የፍሬኑን ኮምፒዩተር ቢጠራው አልመለሰለትም ነው የሚለው። የማርሹም ያንኑ ይላል። ከሳሾቹ ደህና ናቸው፤ ዝም ያለው የፍሬኑ ነው።

እሱንም ቶሎ አትቀይረው። ባትሪውን ንቀልና ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩባቸውን ሁለት ሽቦዎች ለካ። ስልሳ ኦም መሆን አለበት። መቶ ሃያ ካሳየህ አንድ ቦታ ተበጥሷል ማለት ነው። ከፍሬኑ ሶኬት ሥር ጀምር፤ ባለፈው ሳምንት በናስትሮ የጠቀለልከው እዚያ ነው። ስለሱ ምንም አልልም።

ፉል ድስቱ ውስጥ አለ። ልቀሰቅስህ አስቤ ነበር፤ ግን እንጣላለን፣ ወደ ባሕሪ የምሳፈርበት ሐፍላም ያመልጠኛል።

አለቃህ ኡስጣ ሳዲቅ አንድ ስህተት ከደገምክ ከጥገና ወርሻው ውጣ ብሎሃል። እንግሊዝኛውን ራሴ ነው የማነበው እንደምትለው ሰምቻለሁ። ዛሬ ግን ያሳሳተችኝ እህቴ ናት በለው።

ዘመናይ