ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ የተጻፈው ስሜ

ለወንድሜ ለጋሽ መሀመድአወል፣ ደሎ መና

አሰላሙ አለይኩም፤ አከም ጂርታ፣ ጋሼ? ጤናህ እንዴት ነው? ቆላውስ እንዴት ይዞሃል? ንቦቹ ዘንድሮ ማር ሰጡ ወይስ እንዳምናው ነድፈውህ ብቻ ቀሩ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከሮቤ ብርድ በቀር የሚደፍረኝ የለም።

ይህን ጎረቤት የጻፈልኝ እንዳይመስልህ። እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ! የማታ ትምህርቱን አንደኛ ወጥቼ ጨረስኩ። እርግጥ አንዲት ጎበዝ ሴትዮ በፈተናው ቀን መነጽሯን ረስታ ነበር፤ እሱን ተወው።

የእርሻ ተመራማሪዎቹ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሔት ወደ መደርደሪያ የምመልሰው እኔ እንደሆንኩ ታውቃለህ። በየመጽሔቱ ጀርባ ያነበበው ሰው ስሙን የሚጽፍበት ካርድ አለ። ኃላፊዬ አቶ ተክለማርያም ካርዶቹን ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሉ፤ ኮምፒውተሩም ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ያንንም አንብበዋልና እርስዎም ያንብቡት እያለ ተመራማሪዎቹን ይመክራል።

ባለፈው ሰኞ ገብስ የምታጠናው ወይዘሪት ቀለሟ መጥታ ዘይነዲን የሚባሉትን ምሁር አገናኙኝ አለች። ለካ ኮምፒውተሩ ከገብሱ ጽሑፍ ጋር ስለ ፍልፈል የተጻፈውን አንብቢ ብሏት፣ ሁለት ቀን ሙሉ ብታነብ ግንኙነቱ አልገባትም። ካርዶቹን ብታይ ሁለቱንም ዘጠኝ ዘጠኝ ጊዜ ያነበበው ያው አንድ ዘይነዲን ነው!

ጋሼ፣ ያ ምሁር እኔ ነኝ። ስሜ ረጅም ነው፣ ልምምድ ይፈልጋል፤ የካርዱ መስመር ደግሞ ከደብተሬ ይልቅ ቀጥ ያለ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስለማመድበት ከርሜያለሁ። አቶ ተክለማርያም ከመነጽራቸው በላይ ሲያዩኝ፣ አበቃልኝ፣ ወደ በር ጥበቃ ሊመልሱኝ ነው አልኩ። በር ላይ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም። ለአንድ አፍታ ምሁር ሆኜ ልቅር ብዬ ነበር፤ ግን ልጅቷን ሌላ ሁለት ቀን ላባክንባት? እውነቱን ዘረገፍኩት።

ወይዘሪት ቀለሟ ሳቀች፣ ሳቀችና፣ መደርደሪያ ሙሉ መጽሔት እያለ እነዚህን ሁለቱን ምን አስመረጠህ አለችኝ። ሥዕሎቻቸው ዲንሾ ያለውን ማሳችንን ስለሚመስሉ ነው አልኳት። ፍልፈል አፈር በቆለለበት ዙሪያ ገብሱ ቀድሞ እንደሚያሸት፣ አንተ ጉድጓዱን ስትደፍን እኔ ከኋላህ እየሄድኩ እከፍተው እንደነበር ነገርኳት። አዎ፣ እኔ ነበርኩ! ሳቋን ትታ እስክሪብቶ አወጣች፤ ማሳውን ማየት አለብኝ አለች።

አቶ ተክለማርያም አሥራ ስምንቱንም ስሜን በቀይ ቢክ ሰረዙ። ከዚያ ከመሳቢያቸው አዲስ ደብተር አውጥተው፣ ከእንግዲህ እዚህ ላይ ተለማመድ፣ ሥራህንም ቀጥል አሉኝ። ይህ ወረቀት ከዚያ ደብተር የተቀደደ ነው።

ማሳው በአንተ ስም ነውና ገብሱ ሳይታጨድ ወይዘሪት ቀለሟ እንድታየው ፈቃድህን ቶሎ ጻፍልኝ። ደብዳቤ የጻፍክልኝ ቀን ፂሜን እላጫለሁ ያልከውንም አልረሳሁም፤ ምላጭ አዘጋጅ።

ኢብቲሳምን ሰላም በልልኝ። የአማትህን የእማማ ሙሉካን ጉልበት ሳምልኝ። ትንሿ ሰቢሪና ፊደል ትቁጠር፣ ስመጣ እንወዳደራለን።

ሮቤ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2002 ዓ.ም.

ወንድምህ ዘይነዲን
(አንድ ጊዜ ብቻ ጻፍኩት፤ አሁን አንድ ይበቃኛል።)