የአባቴ ስም ለእባብ

ሰኞ

ሦስተኛ ጊዜ ቆጠርኩ፤ ያው ነው። የቅርፊቷ ረድፎች ከሌሎቹ በሁለት ያንሳሉ፤ ጅራቷም አጭር ነው። ኢኳዶር ጫካ ውስጥ ቅጠል ስር የምትኖር፣ ከእርሳስ ብዙም የማትወፍር እባብ ናት። ሙዚየም ውስጥ ብልቃጧ ላይ የሌላ ዝርያ ስም ተለጥፎባት ዓመታት ኖራለች። እኔ ደግሞ ኮተቤ ቁጭ ብዬ በፎቶ ለየኋት! ቢሮ ውስጥ ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ደስታዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆየ። ኪቶ ያለችው የሥራ ባልደረባዬ ሉሲያ ጻፈችልኝ፦ ቡድኑ እባቧን በእኔ ስም ሊሰይማት ወስኗል፤ «ይርዳው» ብሎ። እኔ ሰብለ ነኝ። ይርዳው አባባ ናቸው! የቤተሰብ ስም መስሏቸው እኮ ነው።

አባባ ደግሞ እንጦጦ ራጉኤልን ሳይሳለሙ ሳምንት የማያልፋቸው፣ ቴሌቪዥን ላይ እባብ ሲያዩ የሚያማትቡ ሰው ናቸው። እባቧን የሚያስተዋውቀው የጥናት ጽሑፍ ዓርብ ለመጽሔት ይላካል። አንዴ ከታተመ ስሙ አይለወጥም።

ማክሰኞ

አማራጮቼ፦
– ዝም ማለት። (ወንድሜ ፌስቡክ ላይ ይለጥፈዋል፤ አለቀልኝ።)
– ሉሲያን «ሰብለ በሏት» ማለት። (ስሜን አስጠሩልኝ ብሎ ልመና! ያሳፍራል።)
– ለአባባ መንገር።

እማዬን አማከርኳት። «ንገሪያቸው፤ ግን ከበሉ በኋላ» አለችኝ።

ረቡዕ

ለምሳ ወደ ቤት ሄጄ፣ ከበሉ በኋላ ነገርኳቸው። ሽሮውም አላዳነኝም። «ሔዋንን ላሳተች? በእኔ ስም?» ብለው ኮፍያቸውን አነሱና ወደ ቀበና ወንዝ በእግራቸው ወረዱ። እማዬ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ከፋኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስማቸው እዚያ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። በመዝገብ ቤት ደሞዝ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ለሉሲያ «ስሙ ይቅር» ብዬ ጻፍኩ። አልላክሁትም።

ሐሙስ

አባባ ቢሮዬ መጡ! በሚኒባስ፣ ሳይነግሩኝ፣ ከነከረባታቸው። «እስቲ አሳዪኝ» አሉ። ፎቶውን ስከፍት ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳቡ። ከዚያ መነጽራቸውን አወጡ። ትናደፋለች? ኧረ አባባ። መርዝስ? የላትም። ምን ትበላለች? የምድር ትል።

ስለ ብልቃጡና ስለ ተሳሳተው ስም ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «ይህን ሁሉ ዘመን በሰው ፋይል ውስጥ ነበረች?» አሉ። አንዲት ሴት ወረቀቷ ሌላ ሰው ዶሴ ውስጥ ገብቶ ጡረታዋ ቀርቶባት፣ አንድ ክረምት ሙሉ ፈልገው እንዳገኙላት አወሩኝ። ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ቅርፊቶቹን አብረን ቆጠርን። መሃል ላይ አንድ ረድፍ ዘለሉ፤ በራሳቸው ተናደው እንደገና ጀመሩ። ያው መጣ። ሲወጡ «ሰብልዬ፣ የሌላ ስም ይዛ ከምትቀር የእኔን ትያዝ። የነፍስ አባቴን ግን ልጠይቅ» አሉኝ።

ዓርብ

መላኪያው አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ፣ ስልክ የለም። ዘጠኝ፣ የለም። ለማንኛውም ብዬ ሌላ ስም አዘጋጀሁ።

አሥር ተኩል ላይ አባባ ከራጉኤል ደወሉ። የእንጦጦ ነፋስ ግማሹን ወሰደው እንጂ ዋናው ደረሰኝ። የነፍስ አባታቸው መጀመሪያ ሳቁ አሉ። ከዚያ «አዳም ለእንስሳት ሁሉ ስም አውጥቶ የለ እንዴ? እባብን ዘለላት የሚል የት ተጻፈ?» አሏቸው።

ጽሑፉን ከነአባባ ስም ላክሁት። ገምጋሚዎቹ ወራት ይፈጁ ይሆናል፤ ሊጥሉትም ይችላሉ። ምን እንደሚሉ እንጃ።

ቤት ስደርስ አባባ በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ሞክሼዬ በሰላም ሄደች?» አሉኝ።