ታውኖ አሸዋውን በትኖ ነበር

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ

ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት። ነፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣው፣ ፊት ይገርፋል። ሦስት ካልሲ ደርቤም የእግሬ ጣቶች የሉም። አሥራ አንድ የሱቅ መስኮት አጠብኩ። ውሃው ውስጥ አልኮል ካልጨመሩበት በጎማ መጥረጊያው ሳይጠርጉት መስታወቱ ላይ በረዶ ሆኖ ይረጋል... ጨምሬበትም ቢሆን እየተጣደፍኩ ነው።

የታውኖ ፀጉር ቤት እንደ ሁልጊዜው አራተኛ። ከቧንቧው ሙቅ ውሃ ቀዳልኝ። «ሄልቪ፣ አፍንጫሽ ቲማቲም መስሏል» አለኝ። «ያንተ በበጋም ቲማቲም ነው» አልኩት። ሳቀ። ደጁ ሁሌም የተጠረገ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ ከሁሉ ቀድሞ በረዶ የሚጠርግ፣ ሰው እንዳይንሸራተት ከሁሉ ቀድሞ አሸዋ የሚበትን እሱ ነው። ይኮራበታል። ይኩራ፣ የሚያኮራ ነገር ነው።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ



የአልኮሉን ጠርሙስ ቤት ረሳሁት። ተመልሼ ላምጣ? ሰነፍኩ። ብርዱ ሠላሳ አንድ ገብቷል። ታውኖ ደጅ ስደርስ ባልዲው ውስጥ ያለው ውሃ ሊረጋ ደርሷል። ደንቡ ጥግ ካለው ቦይ ወስዶ መድፋት ነው፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጣቶቼ ይነድዳሉ... እዚያው እግረኛ መንገዱ ላይ ደፋሁት። ታውኖ የበተነውን አሸዋ በዓይኔ እያየሁ፣ እላዩ ላይ። ገብቼ ሙቅ ውሃ ቀዳሁ፣ መስኮቱን አጠብኩ፣ ሄድኩ።

ሦስት ሰዓት ላይ ከማዶ የቬይኮን ዳቦ ቤት መስኮት እያጠብኩ ጩኸት ሰማሁ። ዞር ስል እማማ አይሊ ታውኖ ደጅ ተዘርግተዋል። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ዳቦ ሊገዙ ነው የወጡት። ታውኖ መቀሱን እንደያዘ ሮጦ ወጣ፣ ካፖርቱን አለበሳቸው፣ በረዶው ላይ ተንበርክኮ ራሳቸውን ደገፈ። «አይዞዎት፣ አይዞዎት።» «እግሬን አትንካው!» ይሉታል።

አምቡላንሱ መጥቶ ሁሉም እሳቸው ላይ ሲረባረብ እኔ ምን አደረግኩ? መፋቂያዬን አውጥቼ ያንን በረዶ ፈረፈርኩት። የሳሙናው አረፋ ነጭ ሆኖ ይታያል። አሸዋው ውስጡ እንደ ዘቢብ ተጣብቋል። ሙልጭ አድርጌ ጠርጌ ቦዩ ውስጥ ከተትኩት። ለዚህኛው ሃያ እርምጃ አልራቀኝም። ቬይኮ ከዳቦ ቤቱ ብቅ ብሎ «ተባረኪ ሄልቪ፣ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ» አለኝ። ተባረኪ!

አምቡላንሱ ሲሄድ ታውኖ ዞሮ ባዶውን ሲሚንቶ አየ። «አሸዋ አልበተንኩም እንዴ?» አለ። ለራሱ ነው ያለው። ባልዲዬን አንስቼ ወደሚቀጥለው ሱቅ ሄድኩ።

ጃንዋሪ 18፣ ቅዳሜ

ሳውና ሄድኩ። ይለቀኝ እንደሆነ ብዬ። ሴቶቹ ሌላ ወሬ የላቸውም።

«ታውኖ እኮ አርጅቷል።»

«አባቱም እንዲህ ነበር የጀመረው። መጀመሪያ ቁልፉን ረሳ፣ ቀጥሎ ሚስቱን፣ በመጨረሻ የራሱን ስም።»

«ኧረ አታሟርቺበት!»

የጋለው ድንጋይ ላይ ውሃ ደፋሁበት፣ እንፋሎቱ ዝም አሰኛቸው። «ሄልቪ፣ ልትቀቅይን ነው እንዴ?» አሉና ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። እንዴት ሳቅኩ?

የእማማ አይሊ የዳሌ አጥንት ተሰብሯል። ብረት ገብቶላቸዋል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኔ አፈሰስኩ፣ የሚለቅመው ሌላ ሰው ነው።

ጃንዋሪ 20፣ ሰኞ

ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ሁለቴ በደጁ አለፍኩ። ደንበኛ ነበረው... ሰበብ።

ጃንዋሪ 23፣ ሐሙስ

የአልኮሉን ጠርሙስ አንገቴ ላይ በገመድ ላንጠለጥለው ምንም አልቀረኝም።

ታውኖ መስተዋቱን በወረቀት ሞልቶታል። ትንንሽ ቁራጭ፣ ሁሉም ላይ ሰዓት ተጽፎበታል። «በረዶ ጠረግኩ፣ አንድ ሰዓት።» «አሸዋ በተንኩ፣ አንድ ሰዓት ከአስር።» «ምድጃ አጠፋሁ።» «ቡና ጠጣሁ።» ቡና መጠጣቱን ሳይቀር! ባልዲዬን እየሞላልኝ «አይግረምሽ፣ አባቴ ወረቀት አልነበረውም። እኔ እቀድመዋለሁ» አለኝ። የሌለበትን በሽታ ነው የሚቀድመው። የሰጠኝ ሙቅ ውሃ እጄን አቃጠለኝ።



ጃንዋሪ 30፣ ሐሙስ

ምላጭ አቁሟል። ጢም አልላጭም፣ ፀጉር በመቀስ ብቻ ነው ይላል። ለምን ብዬ ጠየቅኩት፣ የማላውቅ ይመስል።

«የደጁን አሸዋ መበተኑን የማያስታውስ ሰው የሰው ጉሮሮ ላይ ምላጭ ይይዛል? አንቺ ብትሆኚ አንገትሽን ትሰጪኝ ነበር?»

«እሰጥህ ነበር።»

«ደግ ስለሆንሽ ነው» አለኝ። ደግ! በዚያች ደቂቃ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት። «ቀኑን እኮ አስታውሰዋለሁ፣ ሄልቪ። አሸዋው ከእጄ ሲወርድ፣ የአሸዋው ቆርቆሮ ቅዝቃዜ... ሁሉ ትዝ ይለኛል። ያልሆነ ነገር እንዲህ ጥርት ብሎ ትዝ ካለኝ፣ ከእንግዲህ ምኑን ልመን?»

በፌብሩዋሪ መጨረሻ ሱቁን ሊዘጋ ነው። ሐኪም ቀጥሮታል። ሐኪሙ ምንም የለብህም ቢለው እንኳ አያምነውም፣ አውቀዋለሁ። ባዶውን ሲሚንቶ በዓይኑ አይቷላ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ናት እኮ። አንዲት። ለምን ከጉሮሮዬ አትወጣም? የመንገዱን ሱቆች እንዳላጣ ነው? እሱም አለበት፣ አልዋሽም። ግን በይበልጥ ያ መጥረግ ነው። መድፋቱን ስንፍና ነው እላለሁ። መጥረጉን ምን ልበለው?

ፌብሩዋሪ 4፣ ማክሰኞ

ሆስፒታል ሄድኩ። የዳቦ ቤቱን ጣፋጭ ዳቦ ይዤ... ቀረፋ ያለበትን፣ የሚወዱትን። እማማ አይሊ ከስተዋል፣ ምላሳቸው ግን ደህና ነው።

«ታውኖ በየቀኑ ይመጣል። ይቅርታ ይለኛል፣ በነጋታው መጥቶ ደግሞ ይቅርታ ይለኛል። ትናንት ማለቱን ረስቶት ይሆን ብዬ እኔም ፈራሁ።»

ያኔ ወጣልኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ባልዲውን፣ መፋቂያውን፣ ቦዩን። ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡት።

«ለታውኖ ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠሪያለሽ? የኔ አጥንት እንደሆነ ተጠግኗል። የሱ ነው የሚብሰው። ሂጂ!»

«እማማ አይሊ፣ እርስዎስ ይቅር...»

«መጀመሪያ ሂጂ አልኩሽ እኮ።»

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ተናገርኩ።

ቬይኮ ወንበሩ ላይ ነበር፣ ፀጉሩ ግማሽ ተቆርጧል። እስኪወጣ ልጠብቅ አልኩ። ከዚያ... ከጠበቅኩ እንደገና እንደማልናገር ገባኝ። ባልዲዬን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ «ታውኖ፣ ያን ቀን አሸዋ በትነህ ነበር» አልኩት።

መቀሱ ቆመ።

«እኔ ነኝ ውሃ የደፋሁበት። የወደቁት በኔ በረዶ ነው። አሸዋህን ከበረዶው ጋር ፍቄ የጣልኩትም እኔ ነኝ። እንዳይታወቅብኝ።»

ይጮኻል ብዬ ነበር። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ስንት ሰዓት ነበር?» አለኝ።

«ለሁለት ሃያ ጉዳይ።»

«አሸዋውን አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ። ከበሩ እስከ መንገዱ ጠርዝ። አሳምረህ ነበር የበተንከው።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ቬይኮ ከነግማሽ ፀጉሩ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ማንበብ ጀመረ። ታውኖ ቀና ሲል ዓይኑ ቀልቷል። «ሦስት ሳምንት» አለኝ። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ወረቀት ስለጥፍ በየሐሙሱ ታዪኝ ነበር። ውሃ እየቀዳሁልሽ።»

«አዎ» አልኩ።

ቁራጭ ወረቀት አወጣና ጻፈ። እርሳሱን ሰጠኝ። «ፈርሚበት። ነገ ደግሞ ሕልም ነበር ብዬ እንዳልጠራጠር።» ፈረምኩ። ጣቴ ደንዝዞ ስሜ ተንጋደደ። ወረቀቱን ተቀብሎኝ «አሁን ውጪልኝ» አለ።

መስኮቱን ሳላጥብ ሄድኩ።

ፌብሩዋሪ 8፣ ቅዳሜ

ሳውና አልሄድኩም። ዛሬ ስለ ማን እንደሚወራ አውቃለሁ።

ፌብሩዋሪ 13፣ ሐሙስ

ሁለት ሱቆች አትምጪብን አሉኝ። ፈረድኩላቸው። ቬይኮ አላባረረኝም፣ ግን «ያን ምርቃቴን መልሺልኝ» አለኝ። መለስኩልህ አልኩት። ሳቅ ብሎ ዳቦ ጣለልኝ... አልበላሁትም፣ ኋላ ግን ራበኝና በላሁት።

ታውኖ መስኮቱን ራሱ እያጠበ ነው። በባዶ ሙቅ ውሃ! እዚያው ላይ እየረጋበት በመፋቂያ ይታገላል፣ መስታወቱ ሁሉ ተዥጎርጉሯል። አልኮል ጨምርበት ልለው አፌ ላይ ደረሰ። ምን መብት አለኝ? ጠርሙስ ደጁ አስቀምጬለት ሄድኩ። ስመለስ ጠርሙሱ አልተነካም።

ፌብሩዋሪ 28፣ ዓርብ

ታውኖ ሱቁን አልዘጋም። በመስኮቱ አሻግሬ አየሁት፤ ደንበኛው ሽማግሌው ሳሪ ወንበሩ ላይ አንጋጧል፣ ታውኖ ምላጭ ይዟል። እጁ ጸጥ ያለ ነው። እያለቀስኩ ሄድኩ፣ እንባዬ ሽፋሽፍቴ ላይ በረዶ ሆነ።

ማርች 20፣ ሐሙስ

ዜሮ! ጣሪያው ሁሉ ያንጠባጥባል። በደጁ ሳልፍ ታውኖ በሩን ከፈተ። ከስድስት ሳምንት በኋላ። ሰላም አላለኝም።

«ይሄ መስኮት አስጠላኝ። እጠቢው።»

ሙቅ ውሃ ቀዳልኝ። መስተዋቱ ላይ አንድም ወረቀት የለም፣ ሁሉንም አንስቷቸዋል። አንዷ ብቻ ቀርታለች፤ የመንገዱ መስኮት ላይ ናት፣ ከውስጥ ተለጥፋ፣ ጽሑፏ ወደ ውጭ። «ጃንዋሪ 16፣ አንድ ሰዓት ከአስር። ታውኖ አሸዋ በትኗል። ውሃ የደፋችበትና አሸዋውን የጣለችው ሄልቪ ናት።» ከሥሩ የኔ ፊርማ፣ የተንጋደደው። በዚያ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ በደንብ አይታይም ነበር።

«እሷን...» አልኩ።

«እሷ ከውስጥ ናት። አንቺ ከውጭ ነው የምታጥቢው።»

እማማ አይሊ በባለ አራት እግር ምርኩዛቸው ዳቦ ሊገዙ መጡ። ቆሙና እጃቸውን ምርኩዙ ላይ ደግፈው ስሠራ አዩኝ። «ጥጉን ረሳሽው» አሉኝ። ጥጉን ደገምኩት። የባልዲውን ውሃ ቦዩ ድረስ ወስጄ ደፋሁ። ተመልሼ ደጁን በጨርቅ አደረቅኩ፣ አሸዋ በተንኩ።

ከዚያ ወደ ቬይኮ ተሻገርኩና ዞር ብዬ አየሁ። መስኮቱ ጠርቷል። አሁን ከመንገዱ ማዶም ይነበባል።