ባዶ እንዳይሆን የሞላሁት ጠርሙስ

ለውድ ወንድሜ ለቺሪ ካጂ፣

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ሙሉ ቀን ምድጃ ፊት መቆሙ ወገብህን እንዴት አድርጎታል? እትዬ ጋንጋንስ ያ ሳል ለቀቃት? የኦሳካ ብርድ ከእኛው የባሰ ነው ስትሉ ሰምታ እማማ ሹራብ ጀምራላችኋለች፤ አንዱ እጅጌ አልቋል፣ ሌላው እንደ ጉልበቷ ቀስ እያለ ነው። እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር አለን። እማማ ደህና ናት። በክረምቱ ያፈስ የነበረው ጣሪያም ተጠግኗል።

የሜጂናን ስም እንደ ዘለልኩ ሳታስተውል አትቀርም። ሆን ብዬ ነው። በስልክ ልነግርህ ሦስት ጊዜ ሞክሬ እማማ አጠገቤ ቆማ "ደህና ነን በይው፣ በሰው አገር ልቡን አታድሚው" እያለችኝ ዋሸሁህ። ጥርሷ በራሱ ወለቀ ያልኩህ ውሸት ነው። ልጅህ አለች፣ ትበላለች፣ ትጫወታለች፤ ይህን አስቀድመህ ያዝልኝ። የቀረውን ግን ተቀምጠህ አንብበው።

ነገሩ የጀመረው በዓመት በዓላችን በሞሃኒ ነው። የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ከወንበሩ አጠገብ የውሃ ጠርሙስ እንዳለ ነግሬህ አውቃለሁ። መቦርቦሪያው ጥርሱን እንዳያግለው የሚረጨው ውሃ፣ በሽተኛው የሚጉመጠመጥበትም ውሃ፣ ከዚያ ጠርሙስ ተነሥቶ እንደ እስክሪብቶ ቀፎ በቀጠነ ቱቦ ነው የሚመጣው። ውሃ ቱቦው ውስጥ ከተኛ ይበላሻል። ስለዚህ ሥራ ሲያልቅ ጠርሙሱን ደፍቼ ቱቦውን በአየር አደርቀዋለሁ፤ ጠዋት ደግሞ የመጀመሪያው በሽተኛ ከመቀመጡ በፊት ውሃውን ለቅቄ አፈሳለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ስሠራ ኮርቼበት ነው የኖርኩት። ሐኪሙም ለሰው ሲያስተዋውቀኝ "ሂራ ሾቫ ከሌለች ይህ ክሊኒክ የለም" ይል ነበር።

መሣሪያ የሚከበርበት ቀን ሲደርስ፣ አባባ ዶማውን አጥቦና ቀይ ቀብቶ ጥግ ያሳርፈው እንደነበረው፣ እኛም መቦርቦሪያውን፣ ጉጠቱን፣ ወንበሩን ሳይቀር አጥበን ቀይ ቀባናቸው። ቢጫ አበባ አንጠለጠልንላቸው። ጠርሙሱን እንደ ልማዴ ደፍቼ ስመልሰው የሐኪሙ እናት ከደረጃው ላይ አይታኝ ጮኸች። "አንቺ ሟርተኛ! በዓመት በዓል ባዶ ዕቃ ፊቴ ታስቀምጫለሽ? ልጄን ልታደኸዪው ነው?" አለችኝ። ባዶ ጋን በበዓል ቀን ምን እንደሚባል አንተም ታውቃለህ፤ እማማስ ብትሆን ታስቀምጥ ነበር? ሐኪሙን አየሁት። ጣሪያ ጣሪያውን አየ። የተማረ ሰው ነው እኮ፣ ወንድም ጋሼ! "ሙዪላት በቃ፣ ምን ይሆናል" አለኝ። ሴትዮዋ ከግቢው ቧንቧ በነሐስ ማሰሮ ውሃ ቀድታ ሰጠችኝ፤ እኔ በገዛ እጄ እስከ አፉ ሞላሁት። እሷ አበባ ቀንጥሳ ጣለችበትና አንገቱን በቀይ ክር አሰረችው። ከዚያ ክሊኒኩ ተዘጋ፤ ለዐሥራ አንድ ቀን ማንም አልነካውም።

በዚያው ሰሞን ሜጂናን ጥርሷ ያማት ጀመር። የበዓል ጣፋጭ ነው እንግዲህ፤ እማማ እሺ ብላ ያልሰጠቻት ነገር የለም። እማማ ወደ ካትማንዱ ወስዳ ሕመሙ እንዲለቃት ለጥርስ አምላክ በቆመው እንጨት ላይ ሳንቲም በሚስማር ልትመታላት ተነሣች። ሳንቲሙንም በመሀረቧ ጥግ ቋጥራው ነበር። እኔ ነኝ የሳቅሁባት። "እማማ፣ በዚህ ዘመን ሚስማር! የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ እየሠራሁ ሰው ምን ይለኛል?" አልኳት። "ይሁን፣ አንቺ የተማርሽው" ብላ ሳንቲሙን ፈታችው። አሁን ያቺ ሳንቲም ትዝ ስትለኝ ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። እንጨቱ ባያድን እንኳ አፏ ውስጥ ምንም አይከትም ነበር።

ክሊኒኩ የተከፈተ ቀን ሴትዮዋ መልካም ሰዓት አስቆጥራ ነበርና የመጀመሪያው በሽተኛ በዚያች ደቂቃ መቀመጥ አለበት ተባለ። ውሃውን ላፍስ ስል ሐኪሙ "ሰዓቱ ሊያልፍ ነው፣ ከላይ ጨምሪበትና ነይ" አለኝ። ጨመርኩበት። የጠወለገው አበባ ተንሳፍፎ እያየሁት በላዩ ጨመርኩበት። ሜጂና ሁለተኛዋ ነበረች። የታችኛው መንጋጋዋ ላይ ሁለት የወተት ጥርሶች ተቦረቦሩ፣ ነርቫቸው ተጠረገ፣ ያ ውሃ እስከ ሥራቸው ተረጨ። ጭንቅላቷን ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ስትጉመጠመጥ ፊቷን አጨማደደችና "ኒኒ፣ ውሃው የከረመ አበባ ይሸታል" አለችኝ። እኔ አክስቷ ምን አልኳት መሰለህ? "አታካብጂ፣ ተጉመጥመጪና ትፊ" አልኳት። ሽታው ለእኔም ደርሶኝ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለአንተ የመጀመሪያዬ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጉንጯ ያብጥ ጀመር። እብጠቱ መጀመሪያ ለውዝ ያህል ነበር፣ ቀጥሎ ሎሚ አከለ፣ ከዚያም ቆዳው ቀልቶ ከአገጯ በታች መግል ይወርድ ጀመር። ሽታው፣ ወንድም ጋሼ፣ ያው ሽታ ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ትልቁ ሆስፒታል ወስጃት ስመለስ እግሬ ወደ ቤት አልሄደም፣ ወደ ክሊኒኩ ሄደ። ሁሉም ለምሳ ወጥተው ነበር። መቀስ አንሥቼ ቱቦውን ቆረጥኩትና በሁለት ጣቴ ጨመቅኩት። ንፍጥ የመሰለ፣ ግራጫ ይሁን አረንጓዴ የማይለይ ዝልግልግ ነገር እየተጎተተ ወጣ። እንደ ትል ጣቴ ላይ ተጠመጠመ። ውስጡም የውሃ ሽበት እንዳበቀለ የኩሬ ድንጋይ ሙልጭልጭ ይላል። በዐሥራ አንድ ቀን ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ገባኝ፤ ሐኪሙ ቱቦውን ሊቀይር ስድስት ዓመት ሙሉ "ዘንድሮ እንለውጠዋለን" ሲል ኖሯል። እኔ ማታ ማታ አደርቃለሁ ብዬ ስኮራ ያ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይጠብቅ ነበር፤ የሞላ ጠርሙስና የበዓል ዕረፍት ሰጠነው፣ በላ፣ ወፈረ። እዚያው ማጠቢያው ላይ አስታወክሁ። ያን የምታውቀውን መቅኔ የሚሞላበት የጎሽ ጨጓራ፣ ከአንተ ጋር ስንሻማበት ያደግነውን፣ ከዚያ ወዲህ ሳህን ላይ ሳየው ይቀፈኛል። ከቤታችን ጋን ውሃ እንኳ የምጠጣው አፍንጫዬን አስጠግቼ አሽትቼ ነው።

የጠርሙሱን ውሃ በተቀቀለ ብልቃጥ ቀድቼ ላቦራቶሪ ለምትሠራው ለአብሮ አደጌ ሰጠኋት። "ይህን ከየትኛው ቦይ ቀዳሽው?" አለችኝ። ጀርሙ ከመብዛቱ የተነሣ መቁጠር እንዳቃታቸው ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሂራ ሾቫ፣ እኅቴ፣ ቱቦውን ዛሬውኑ አስቀይራለሁ። ለሰው ግን አታውሪ፤ ዝም አይነቅዝም" አለኝ። "ዝምታው አይነቅዝ ይሆናል ዶክተር፣ የወንድሜ ልጅ መንጋጋ ግን ነቀዘ" አልኩት። በሕይወቴ ለሐኪም እንዲህ መልሼ አላውቅም። የቀጠሮውን መዝገብ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ ወጣሁ።

በዚያ ሳምንት ወንበሩ ላይ የተቀመጡ ልጆች ሰባት ናቸው። ቤት ለቤት ዞሬ እናቶቻቸውን የልጆቹን አፍ አስከፍቱ አልኳቸው። ሁለቱ አብጠው ነበር፤ አንደኛዋን "ጥርስ እያበቀለች ነው" ብለው ዘይት ያሿት ነበር። አንዷ እናት ውሻ ለቀቀችብኝ። ሌላዋ ግን እጄን ይዛ አለቀሰች፤ ልጇ ቶሎ በመታየቱ በመድኃኒት ብቻ ድኗል። እኔም ወደ ክሊኒኩ አልተመለስኩም። የሐኪሙ እናት ባለፈው ቅዳሜ ብርቱካን ይዛ ቤታችን መጣች። ይቅርታ ልትጠይቅ ነው ብዬ ነበር። "ያን ቀን ባዶውን ትተሽው ቢሆን ከዚህ የባሰ ይመጣ ነበር" ብላኝ አረፈችው! እማማ ብርቱካኑን ከነዘንቢሉ ደጅ አውጥታ አስቀመጠችው።

አሁን የቀረኝን ልንገርህ። ሜጂናን በቀዶ ጥገና አክመዋታል። እብጠቱ ጎድሏል፣ መድኃኒቱን ለጥቂት ወራት ትውጣለች። ሁለቱ የወተት ጥርሶች ወጥተዋል፤ እነሱስ ሊወድቁ የመጡ ናቸው። ግን ሥራቸው ተኝተው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩትን ሁለቱን የአዋቂ ጥርሶችም ከነተበላሸው አጥንት አውጥተዋቸዋል። ገና ብርሃን ሳያዩ፣ ወንድም ጋሼ። እዚያ ቦታ ዕድሜዋን ሙሉ አይበቅልም። ስትሄድ "ሂራ ካለች ልጄ እናቷ አለች" ብለኸኝ ነበር። የሞላሁት እኔ ነኝ፣ የሸተተኝ እኔ ነኝ፣ ትፊ ያልኳት እኔ ነኝ። ልትቆጣኝ ትችላለህ፤ የሚገባኝ ነው። ብቻ በስልክ አትቆጣኝ፣ እሷ ሁልጊዜ ጆሮዋን አስደግፋ ትሰማለች። ጻፍልኝ።

እማማ ሁለታችሁንም ትስማችኋለች፤ እኔን በዚህ ነገር አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም፣ እሱ ነው የሚያቃጥለኝ። ጎረቤታችን አሮጌው ሸክላ ሠሪ "የቺሪ ካጂ ወገብ እንዴት ነው" ይላል። ለእትዬ ጋንጋን ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ፤ ይህን የልጇን ነገር እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ። ሜጂና ደግሞ ሥዕል ልካላችኋለች፣ ከደብዳቤው ጋር አጥፌዋለሁ። ሁላችንንም ሥላናለች፤ አያቷን ሳይቀር የበቆሎ ፍሬ በሚያህል ጥርስ አስቃታለች። ራሷንም ዳር ላይ ሥላለች፤ ዓይን አላት፣ ፀጉር አላት። አፏን ለምን ተውሽው ብላት "ኒኒ፣ እዚያ ምን እንደሚሣል አላውቅም" አለችኝ።

እህትህ ሂራ ሾቫ
ፓታን፣ ማንግሲር 20 ቀን 2064 በአገራችን አቆጣጠር