ስሕተቱን በገዛ አፋቸው የተናገሩት አክስታችን

እትዬ ለምን እያልን የምንጠራቸው አክስታችን ከልብስ ሰፊ እናታቸውና ከሬዲዮ ጠጋኝ አባታቸው፣ ከወላጆቻቸው ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተወለዱ። አፋቸውን ከፈቱ ጀምሮ "ለምን?" ባሉ ቁጥር አባታቸው ሬዲዮ ፈትተው ያሳዩአቸው ነበር፤ መልሶ የመግጠሙ ጣጣ ግን የልጅቱ ነበር።

በሃያ ሦስት ዓመታቸው በኮምፒውተር ሙያ ተመርቀው፣ የስልክ መልእክት መላላኪያ ወደሚሠራ ትንሽ ኩባንያ ገቡ። ኩባንያው ያን ጊዜ የገበያው ጭራ ስለነበር ትሕትናው አይጣል ነው፤ ስሕተት የተገኘበት ክፍል ኃላፊ ራሱ ለደንበኛው ደውሎ ይቅርታ ይጠይቅ ነበር። ደንበኛው በዚሁ ወደደው፤ ኩባንያው አድጎ አንደኛ ሆነ። አንደኛ ሲሆን ስም ጠባቂዎች ቀጠረ፤ ይቅርታ የሚባል ነገርም ከቤቱ ወጣ።

አክስታችን በዚህ መሐል መምህር ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ፤ የጥራት ክፍል ኃላፊም ሆኑ። ያለ እርሳቸው ፈቃድ አዲስ ሥራ ከኩባንያው አይወጣም ነበር።

በአምሳ ዓመታቸው፣ ደንበኞች ሰረዝነው ያሉት መልእክት ከኩባንያው ኮምፒውተር እንደማይሰረዝ፣ ይህንንም የገዛ ክፍላቸው አይቶ እንዳሳለፈው ደረሱበት። አለቆች በዝምታ ይጠገን አሉ። ሥራ አስኪያጁ "እትዬ፣ ተፎካካሪያችን አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ራሳችንን እናጉርሰው? ወይ በዝምታ እንዲጠገን ይፈቅዳሉ፣ ወይ ይሰናበታሉ" ቢሏቸው፣ "ጌታዬ፣ ጭራ ሳለን ያልፈራነውን አንደኛ ሆነን እንፍራ?" ብለው ወደ ደንበኞች አገልግሎት ክፍል ወረዱ። የጆሮ ማዳመጫ አጥልቀው "የሰረዙት መልእክት አሁንም እኛ ጋ አለ፤ ስሕተቱ የክፍሌ ነው" እያሉ ይደውሉ ጀመር። አንዱ ደንበኛ ሲሰድባቸው "ልክ ነዎት" አሉና ወደ ሌላው ደወሉ። የክፍላቸው ሠራተኞችም አንድ በአንድ ወርደው ከጎናቸው ተቀመጡ።

ወሬው ሲዳረስ አለቆች መደበቁ ከመናገሩ እንደሚብስ ገባቸውና በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። ጥቂት ደንበኛ ሄደ፤ አብዛኛው ቆየ። አንደኛው ኩባንያ ከተናገረ በኋላ ዝም ያለ ይጠረጠራልና ተፎካካሪዎቹም የየራሳቸውን ጉድ አውጥተው አረሙ። አክስታችንን ያሰናበታቸው የለም። ሥራ አስኪያጁ ግን በየመድረኩ "ግልጽነት ባህላችን ነው" እያሉ ተሸለሙበት፤ ዛሬ በዚህ ሽኝት ላይ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ውሸት ከሆነ ይናገሩ።

አክስታችን በክብር ጡረታ ወጥተው፣ በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆችንና ስሕተቱን ደውሎ የሚናገር አንድ ክፍል ሙሉ ሠራተኛ ትተውልናል።

አምላክ ነፍሳቸውን እውነት በማያስፈራበት ቤት ያሳርፍልን፤ ድፍረታቸውን ለእኛ ያውርሰን።